ኤፍ ባይጮኽልህም ትዝታ መጫወት ትችላለህ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ ከመሐል ሜዳ ነኝ። ጊታር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አስተማሪ ስለሌለ ከዩቲዩብ ነው የምማረው። ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ጂ፣ ኢ ማይነርና ዲ ይጮኹልኛል። ኤፍ ግን ወይ ይታፈናል ወይ ዝዝ ይላል፤ አውራ ጣቴንም ከሥሩ ያመኛል። የባሰው ደግሞ ትዝታ ሳጅብ ነው። ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ እያልኩ ስዞር መሰንቆ የሚጫወተው አጎቴ ‹ይሄ እንኳ የኛ አይደለም› ብሎ ሳቀብኝ። ቲዎሪ ስለማላውቅ ነው? ኖታ ማንበብስ ግድ ነው? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦ አጎትህ ልክ ናቸው፤ የሳቁት ግን በጣትህ አይደለም። አራቱን ኮርዶች (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) አንድም ክር ሳይታፈን ብትመታቸው ኖሮ ያው ይስቁ ነበር። ጆሯቸው የያዘው ትዝታ ውስጥ የሌሉ ሁለት ድምፆችን ነው፤ አንደኛውን ያመጣው ደግሞ ዓመት ሙሉ የሚያታግልህ ያው ኤፍ ነው። ስለዚህ የጣቱንና የቲዎሪውን ጥያቄ ለያይቼ አልመልስልህም።

ለመግባባት ያህል፣ እዚህ የምጠቀመው የፊደል ስሞቹን ነው። ሲ ስል ዶ ማለቴ ነው፤ ዲ ሬ፣ ኢ ሚ፣ ኤፍ ፋ፣ ጂ ሶል፣ ኤ ላ፣ ቢ ደግሞ ሰባተኛው ነው። ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ 1ኛው ቀጭኑ፣ 6ኛው ወፍራሙ። ከ6ኛው ወደ 1ኛው ሲወረድ ክፍት ድምፃቸው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ነው።

ቲዎሪ የሚባለው ነገር ያስፈራሃል መሰለኝ። ለአንተ አሁን የሚያስፈልግህ ቲዎሪ ፍሬት፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ብረቶች፣ መቁጠር ነው። ከአንዱ ፍሬት ወደሚቀጥለው ግማሽ ቶን ነው፤ ሁለት ፍሬት አንድ ቶን። 12 ፍሬት ስትሄድ የተነሳህበት ድምፅ በላይኛው እርከን ተመልሶ ይመጣል። ሜትር ካለህ ለካው፤ ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉባት ከነቷ ገላው ላይ እስከሚታሰሩበት እስከ ብሪጁ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ 12ኛው ፍሬት የሚገኘው እኩሌታው ላይ ነው። 7ኛው ፍሬት ደግሞ ከነቷ በኩል ሲሶው ላይ ነው፤ ሒሳቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚዛነፈው። አጎትህ መሰንቆው ላይ ፍሬት የላቸውም፣ ግን ጣታቸው ክሩን የት እንደሚነካ ልብ ብለህ ብታይ ከእነዚህ ቦታዎች አይርቅም።

አሁን ዩቲዩብ ያስተማረህን ሜጀር ስኬል ተመልከት። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፤ ሰባት ድምፅ ነው፣ ርቀቱም በፍሬት 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1። ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚባለው አጃቢ የተሠራው ለዚህ ነው። ሦስቱን ኮርዶች ብትበትናቸው ሲ ውስጥ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፤ ኤፍ ውስጥ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፤ ጂ ውስጥ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ታገኛለህ። ሰባቱም ድምፅ ተዳረሰ ማለት ነው። ለሰባት ድምፅ ዜማ ከዚህ የተሻለ ቀላል አጃቢ የለም።

ትዝታ ሜጀር ግን አምስት ድምፅ ነው፤ ከሲ ከተነሳህ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ኤፍም ቢም የሉበትም። አንተ ኤፍ ኮርድ ስትመታ ኤፍን፣ ጂ ኮርድ ስትመታ ቢን ዜማው መሐል ትዶላለህ። ሁለቱ ደግሞ እንደዋዛ የሚታለፉ ድምፆች አይደሉም፤ ኤፍ ወደ ኢ፣ ቢ ወደ ሲ በአንድ ፍሬት ርቀት ተጠግተው የሚጎትቱ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግማሽ ቶን የሚባል ርቀት ጭራሽ የለም፤ ያ ሰፋ፣ ረጋ ያለ ስሜቱ አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። መሰንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ ያ ጉተታ ሲመጣ ወዲያው ያውቀዋል።

እንግዲህ ምን ቀረ? ወረቀት አውጣና ሞክረው። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ ሊሠራ የሚችል ሙሉ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ሁለት ነው፤ ሲ እና ኤ ማይነር። ሌላ የለም። ሁለቱንም አንተ ትይዛቸዋለህ።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህ ችግር አይገጥመውም። ክራር አስቀድሞ ለአንድ ቅኝት ይቃኛል፤ ከአምስቱ ወይም ከስድስቱ ክሮች አንዱም ከቅኝቱ ውጭ አይጮህም። ቅኝት መቀየር ሲፈለግ ክሩ ይላላል ወይ ይጠብቃል። ጊታር ላይ 12ቱም ድምፆች ተዘርግተውልሃል፤ ሰባቱን መተው ነው ሥራው። የሚበዙት የጊታር ትምህርቶች የሚጨመረውን ያስተምራሉ፤ የሚተወውን የሚነግርህ ሰው የለም።

በሁለት ኮርድ ብቻ አጅቤ ልሰለች ነው ካልክ፣ አትሰለችም፤ ግን ማስፊያ መንገድ አለ። ኤ ማይነር ያዝ፤ መሐል ጣትህ 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ነው። እሱን ብቻ አንሳና ከ4ኛው ክር ጀምረህ ወደታች ምታ። ዲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ነው የምትሰማው፤ አራቱም የትዝታ ድምፆች ናቸው። ኤፍ ይሰጥህ የነበረውን «ወደ ሌላ ቦታ ሄድኩ» የሚል ስሜት ይህ ይሰጥሃል፣ እንግዳ ድምፅ ሳያመጣ። ለጂ ደግሞ የለመድከውን ጂ ተወውና 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛውና 3ኛው ክፍት፣ 2ኛውና 1ኛው 3ኛ ፍሬት ላይ ያዝ። 5ኛውን ክር 6ኛውን የያዘው ጣት ጫፉን አስደግፎ ያፍነው። ጂና ዲ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ቢ የለም። ባዶ ባዶ ይላል ትል ይሆናል። ይበል፤ ዜማው የሚገባበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ዜማውን ራሱን ለመጫወት እነዚህን ቦታዎች በጣትህ አጥና፦ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፤ 4ኛው ክፍትና 2ኛ፤ 3ኛው ክፍትና 2ኛ፤ 2ኛው 1ኛና 3ኛ፤ 1ኛው ክፍት፣ 3ኛና 5ኛ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ እያለ ይወጣል። ከክፍት ክሮች የተከለከለው 2ኛው ብቻ ነው፣ ቢ ነውና። ከዚህ በፊት ግን በአንድ ክር ላይ አድርገው፤ 3ኛውን ክር ክፍቱን፣ ከዚያ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ ፍሬት። ይህ ትዝታ ሜጀር ከጂ ተነስቶ ነው። በአንድ ክር ስትሄድ ክፍተቶቹ በዓይንህ ይታዩሃል፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። አጎትህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጫወቱት በአንድ ክር ነው፣ አንተ ሁለት ሳምንት ብትጫወት አይጎዳህም።

አሁን ኤፍ ወደሚፈለግበት ቦታ እንሂድ። ትዝታ ማይነር ርቀቱ ከመነሻው በፍሬት ሲቆጠር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8 ነው። ከኤ ብትነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እዚህ ኤፍ የቤቱ ልጅ ነው፤ ውጭ የቀሩት ዲና ጂ ናቸው። ሙሉ ኮርዶቹ ኤ ማይነርና ኤፍ ናቸው። ግን ያንን ጣት የሚሰብረውን ኤፍ አትፈልገውም። ቀለበት ጣትህን 4ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ መሐል ጣትህን 3ኛው ክር 2ኛ፣ አመልካችህን 2ኛው ክር 1ኛ ላይ አድርግና 1ኛውን ክር ክፍት ተወው። ከ4ኛው ክር ወደታች ምታ። ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፤ ስሙ ኤፍ ሜጀር ሰቨን ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ «ኤፍ ለከበዳቸው ጀማሪዎች ማቅለያ» እየተባለ ነው የሚቀርበው። ለትዝታ ማይነር ግን ማቅለያ አይደለም፤ ክፍቱ ኢ ቅኝቱ ውስጥ ስላለ እኔ ከባሬው (አመልካች ጣት በስድስቱም ክር ላይ ከሚጋደምበት ኤፍ) ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው አያያዝ ደግሞ ከኤ ማይነር ላይ አመልካች ጣትህን ማንሳት ብቻ ነው። ሁለቱ ጣቶች 4ኛውና 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ይቆያሉ፤ ሌላው ሁሉ ክፍት ነው፣ ስድስቱንም ክር ምታ። ኢ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ ይጮኻል፤ አንድም የውጭ ድምፅ የለበትም። ኤ ማይነር፣ ኤፍ ሜጀር ሰቨን፣ ይህ ባለ ሁለት ጣት አያያዝ፤ በእነዚህ ሦስት ብቻ ትዝታ ማይነር ለአንድ ምሽት ይበቃል። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ክፍቱ ዲና ክፍቱ ጂ የዚህ ቅኝት አይደሉም። ዜማ ስትለቅም ጣትህ ከ4ኛውና ከ3ኛው ክር ላይ ሲነሳ ሳታስበው እንዳይጮኹ፣ የቀኝ እጅህን መዳፍ ጠርዝ አስጠጋ። የክራር ተጫዋቾች በግራ እጃቸው ጣቶች የማይፈለገውን ክር እያፈኑ የሚፈለገውን ብቻ እንደሚያስጮኹ ታውቃለህ፤ ማፈን ጊታር ላይም የመጫወት እኩሌታ ነው።

ቀጥሎ የምነግርህ ነገር ብዙዎችን ያምታታል። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ትዝታ ሜጀር ነው አልኩህ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ኤ ላይ እያረፍክ ብትጫወታቸው ባቲ ማይነር ይሆናል፤ ከኤ ሲቆጠር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ነው። እንዲሁ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍን ኢ ላይ ብታሳርፋቸው አምባሰል ነው፤ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። ድምፁ አልተቀየረም፣ ቤቱ ነው የተቀየረው። ስለዚህ ቅኝት ማለት የድምፅ ዝርዝር ብቻ ነው ብሎ የሚያስተምርህ ካለ ግማሹን ነው የነገረህ። ዜማው የት ይነሳል፣ ስንኙ የት ያርፋል፣ ከየትኛው ወደ የትኛው ይንሸራተታል፤ ይህን ከቪዲዮ ሳይሆን ከዘፋኝ ጉሮሮ ነው የምትማረው። ለመለማመድ አንዱን ክፍት ክር እንደ በገና ሳያቋርጥ እንዲጮህ አድርግ። 5ኛውን ክር እየመታህ ከላይ በትዝታ ማይነር ተንሸራሸር፤ ከዚያ 6ኛውን ክር እየመታህ በእነዚያው ድምፆች ተንሸራሸር። አንድ ሳምንት ሳይሞላህ ሁለቱን ጆሮህ ይለያቸዋል።

ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11 ነው፤ ከሲ ብትነሳ ሲና ኢ ማይነር ይገጥሙታል፣ ሁለቱንም ትይዛቸዋለህ። አንቺሆዬን ለጊዜው አቆየው። 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ብዬ ቁጥሩን ብሰጥህ ፍሬቱን ታገኘዋለህ፤ ስሜቱ ግን የጊታር ፍሬት በቆረጠው ቦታ ላይ ሁልጊዜ አይቀመጥም። ዘፋኞች ከፍሬቱ ትንሽ ወደላይ ወይም ወደታች ያደርጉታል። ክሩን በጣት ገፋ አድርጎ ድምፁን ማንሳት በደንብ ሳትለምድ ብትነካው አንቺሆዬ ሳይሆን የተበላሸ ጊታር ነው የሚመስለው።

በአንድ ነገር እንዳትሳሳትብኝ። ከቅኝቱ ውጭ ኮርድ መምታት ኃጢአት ነው አላልኩም። ሙላቱ አስታጥቄ የኛን ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነት ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝን ሠርቷል፤ ባንዶቻችንም ትዝታን በብዙ ኮርድ ሲያጅቡ ኖረዋል። ልዩነቱ የሚያስገቡትን ድምፅ ዐውቀው ማስገባታቸው ነው። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወታቸውን ጊታሮች ለይተህ ስማ፤ በብዙ ቦታ ኮርድ የሚሞላ ሳይሆን ከዘፋኙ ጋር የሚነጋገር አጭር አጭር ሐረግ ነው የምትሰማው። የጊታር ተጫዋቹን የግሩም መዝሙርን የአኮስቲክ ሥራዎችም ፈልግ። ስትሰማ ቤዝ ጊታሩ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ ብቻ ተከታተል፤ ሌላውን ተወው።

ወደ ባሬው ኤፍ ልመለስ፤ አንድ ቀን ያስፈልግሃልና። አያያዙ ከ6ኛው ክር ሲጀመር 1፣ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1 ነው። እየው፤ 5ኛውን፣ 4ኛውንና 3ኛውን ክር ሌሎቹ ጣቶች ናቸው የያዙት። አመልካች ጣትህ በእርግጥ የሚሠራው 6ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ላይ ብቻ ነው። አንተ ግን ስድስቱንም እኩል ልጨፍልቅ ብለህ ከአውራ ጣትህ ጋር እንደ ጉጠት ትቆነጥጠዋለህ፤ አውራ ጣትህን ከሥሩ የሚያምህ ለዚህ ነው። አመልካችህን በሆዱ አታስተኛው፤ ወደ አውራ ጣቱ በኩል ትንሽ አዙረህ አጥንት ያለበትን ጎኑን ተጠቀም። የጣትህ መገጣጠሚያ እጥፋት 2ኛው ክር ላይ ከወደቀ ያ ክር አይጮኽም፤ ጣቱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደላይ ወይም ወደታች ማንሸራተት ይበቃዋል። ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ወዲህ፣ በጣም ተጠግተህ ተጫን። አውራ ጣትህ ከአንገቱ ጀርባ መሐል ጣትህ ትይዩ ይረፍ፤ ጉልበቱን ከክንድህ ወደኋላ በመሳብ አምጣው፣ የቀኝ ክንድህ የጊታሩን ገላ ወደ ደረትህ ስለሚይዘው አይንቀሳቀስም። አውራ ጣትህን ጨርሶ አንስተህ በዚህ መንገድ ኮርዱ ሊጮኽልህ ይችላል፤ ሞክረው፣ ቁንጠጣው ምን ያህል ትርፍ እንደነበር ይገባሃል።

ልምምዱን ደግሞ 1ኛ ፍሬት ላይ አትጀምር። እዚያ ክሩ ነቷ አጠገብ ስለሆነ ከሁሉም ቦታ ጠንካራ ነው። ያንኑ ቅርፅ 5ኛ ፍሬት ላይ ያዘው፤ ኤ ሜጀር ይሆናል። ከተስተካከለልህ ወደ 4ኛ፣ ወደ 3ኛ እያልክ ውረድ፤ 3ኛው ላይ ጂ ነው። የጣት ጫፍ ሕመም ያልፋል፣ ቆዳው ይጠነክራል። የእጅ አንጓና የአውራ ጣት ሥር ሕመም ግን በመታገሥ አያልፍም። ባመመህ ቀን ባሬውን ተወውና ሌላ ተለማመድ።

ይህን ሁሉ አድርገህ 5ኛው ላይ እየጮኸ 1ኛው ላይ እምቢ ካለ ጥፋቱ የጊታሩ ሊሆን ይችላል። ክሩን 3ኛ ፍሬት ላይ ተጭነህ ያዝና 1ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መሐል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ለጥቂት የማይነካ መሆን አለበት። ክፍተቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ነቷ ላይ ያለው ቦይ ከፍ ብሏል፤ የሚያውቅ ሰው በቀጭን ሞረድ በጥቂት በጥቂቱ ያውርደው። ብዙ ከወረደ ክፍቱ ክር ዝዝ ይላልና ራስህ አትሞክረው። 12ኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ከክሩ እስከ ፍሬቱ ለብረት ክር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለናይለን ከ3 እስከ 4 ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ዓመት ሙሉ ስትታገል የኖርከው ከዕቃው ጋር ነው።

ደብረ ብርሃን በእጄ የሚገቡ ጊታሮች ላይ ደጋግሜ የማየው ጥፋት ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር መግጠም ነው። ድምፁ ይጎላል ተብሎ ነው። የናይለን ክሮች ተደምረው የሚስቡት 40 ኪሎ ገደማ ሲሆን የብረቶቹ 70ን ያልፋል። መጀመሪያ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ ቀጥሎ ከብሪጁ ኋላ ጣውላው ያብጣል፣ በመጨረሻ ብሪጁ ተገንጥሎ ይመጣል። መቃኛ ቁልፎቹ ዘንግ ላይ ነጭ ወፍራም ፕላስቲክ ካለ፣ የነቷም ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ጊታርህ የናይለን ነው። የብረት ከሆነ ደግሞ ውፍረቱ 12 የሚባለውን (1ኛው ክር 0.012 ኢንች የሆነውን) የክር ስብስብ አውጥተህ ቀጠን ያለውን 10 ግጠምበት፤ ለጣትህ ልዩነቱን በዚያው ቀን ታየዋለህ።

ብርዱን አትርሳ። የናንተ አገር ከኛም ይብሳል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ማለዳ በደነዘዘ ጣት ኤፍ ሞክሮ ተስፋ መቁረጥ የዋህነት ነው፤ እጅህን በጋቢ ውስጥ አሙቅ ወይም ከሰዓት ተለማመድ። ጊታሩን ግን ከሰል አጠገብ አታስቀምጠው፤ እንጨቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ድምፁ ይወጣል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቃኝቶ በጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ላይ ለሠርግ የሚወጣ ጊታር ድምፁ ወርዶ ነው የሚደርሰው፤ ከቦርሳው አውጥተህ ግማሽ ሰዓት ሳታሳርፈው አትቃኘው።

ስለ ቀኝ እጅህ ምንም አልጠየቅከኝም፣ ግን «የኛ አይደለም» ከተባለበት ምክንያት ግማሹ እዚያም ሊሆን ይችላል። ቪዲዮዎቹ የሚያስተምሩት ምት በአራት የሚቆጠር ነው። ችክችካ የሚባለው የኛ ምት በስድስት ይቆጠራል፤ ክብደቱ 1 እና 4 ላይ ነው። በ1 ወደታች፣ በ3 ወደላይ፣ በ4 ወደታች፣ በ6 ወደላይ ምታ፤ 2 እና 5 ላይ እጅህ ዝም ይበል። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ይላል። ግራ እጅህን ክሮቹ ላይ ሳትጫን አስደግፈህ፣ ድምፅ ሳይኖር «ችክ ችክ» ብቻ እያሰማህ ተለማመደው፤ እግርህን በ1 እና በ4 ምታ። ይህ ሳይያዝ ኮርድ አትጨምር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዝግ ያለ ትዝታ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትምታ፤ በጣት አንድ አንዱን ክር ልቀም።

ከአጎትህ ጋር ስትጫወት እሳቸው በስልክህ መቃኛ እንዲቃኙ አትጠይቃቸው። መሰንቆ የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ የስልክ መቃኛ የሚለካበትን 440 ኸርዝ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያርፉበትን ድምፅ ስማና 6ኛው ክር ላይ ፈልገው። በዲ ካረፉና አንተ የሲን አያያዝ መጠቀም ከፈለግክ ካፖህን (ስድስቱንም ክር የሚይዘውን መቆንጠጫ) 2ኛ ፍሬት ላይ አድርግ፤ በኢ ካረፉ 4ኛ ላይ። በሁለት ፍሬቶች መሐል ከሆኑ ስድስቱንም ክር አንተ ዝቅ ወይም ከፍ አድርግ። እሳቸው ሲያዜሙ አንዱን ኮርድ ይዘህ ቆይ፤ ስንኙ ሲያልቅ ብቻ ለውጥ።

ኖታ ግድ አይደለም፣ ለአሁኑ። ባህላዊ ዜማዎቻችንን ካቆዩልን ሰዎች የሚበዙት በኖታ አልተማሩም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ካሰብክ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ሥራው ሁሉ በኖታ ነው፣ ቀድመህ ብትጀምረው ይሻልሃል። ካላሰብክ ግን ከኖታ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ያሉትን ድምፆች በስድስቱም ክር ላይ በስማቸው መጥራት። በቀን አንድ ክር ያዝ፣ ጮክ ብለህ እየጠራህ ውጣና ውረድ። 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ማን ነው ብልህ ሳትቆጥር ኤ ካልከኝ፣ ማንኛውንም ኮርድ ራስህ በትነህ የትኛው ቅኝት ውስጥ እንደሚገባ ታውቃለህ፤ ከዚያ የአንቺሆዬን ጥያቄ ይዘህ ጻፍልኝ።